ሰባት ቤት ሳይቆጠር

በእባብ ርቢ አብረን ያረጀን ሁሉ፤ ይህን የምናገረው ለጀማሪው አይደለም። ጀማሪው የሚያውቀው እኛ የነገርነውን ነው። የምናገረው ምድር ቤቱ ውስጥ መቶ፣ ሁለት መቶ እባብ በመሳቢያ ደርድሮ ለሚያራባው፣ በየኤክስፖው ጠረጴዛ ተከራይቶ ለሚሸጠው፣ ስሙ ሲጠራ ገዢ ያለ ጥያቄ ለሚያምነው ሰው ነው። የምናራባው እንስሳ ዘሩ እየተዳከመ ነው። ያዳከመውም የእኛው እጅ ነው፤ እኅትን ከወንድም፣ ልጅን ከአባት እያገናኘን። ከመካከላችን ይህን የማያውቅ የለም። «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» እንዲሉ እርስ በርሳችን እንተዋወቃለን፤ ስለዚህ ገዢ የምናባብልበትን አነጋገር ለጊዜው ትተን በግልጥ እንነጋገር።

አገር ቤት ያሉ ዘመዶቻችን እባብ አርብተን እንደምንሸጥ ሲሰሙ ያማትባሉ። ያማትቡ። እኔን የሚያስፈራኝ ግን እነሱን የሚያስፈራቸው ነገር አይደለም።

በሙያችን ውስጥ ሲነገር የኖረ አንድ አባባል አለ፤ «እባብ እንደ ውሻ አይደለም፣ ከእኅቱ ብታገናኘው ምንም አይሆንም» የሚል። ወጣቶቹ ይህን በመጽሐፍ አላነበቡትም፤ ከእኛ ትውልድ አፍ ነው የሰሙት። አባባሉ የኖረውም እውነት ስለሆነ ሳይሆን ስላዋጣ ነው። የቀለም ንግዱ በሙሉ በእሱ ላይ ቆሟል።

እንዴት እንደቆመ እናስታውስ። በ1953 (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው) በሰሜን ካሮላይና ጥቁር ቀለም ጨርሶ የሌለው አንድ ወንድ ኮርን ስኔክ ከዱር ተያዘ። በርናርድ ቤክትል የሚባሉ የጆርጂያ የቆዳ ሐኪም ይህን ዘር በቤታቸው ይዘው ሲደክሙ ቆይተው፣ በ1961 በሰው እጅ የተራቡ የመጀመሪያዎቹ ጥቁር አልባ ኮርን ስኔኮች ተፈለፈሉ። ቦብ ክላርክ ደግሞ በ1992 የአልቢኖውን ቦል ፓይተን ድብቅ ዘረመል መሆን በርቢ አረጋገጠ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ሲፈራ እንደ ኳስ የሚጠቀለለው የምዕራብ አፍሪካ ትንሽ ዘንዶ በአንድ ጊዜ የቀለም ገበያ ንጉሥ ሆነ።

ድብቅ ዘረመል ከእናትም ከአባትም ካልመጣ ቀለሙ አይወጣም። ቀለሙ የተለየው እባብ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ከሆነ ሁለተኛው ቅጂ የሚገኘው ከገዛ ልጆቹ ነው። ወይ ልጂቱ ለአባቷ ትሰጣለች፣ ወይ ወንድምና እኅት ይገናኛሉ። በመጀመሪያው ትውልድ ሌላ መንገድ አልነበረም፤ በዚያ ማንንም አልወቅስም። ነገሩ የተበላሸው በኋላ ነው። ቀለሙ ከወጣ፣ ተሸካሚ ልጆችም በየቦታው ከተበተኑ በኋላ እንኳ እዚያው ቤት ውስጥ መዞራችንን ቀጠልን፤ ምክንያቱም ከውጭ እባብ ጋር ማዳቀል አንድ ተጨማሪ ትውልድ ይጠይቃል። የሴት ቦል ፓይተን ትውልድ ማለት ደግሞ ሦስት፣ አራት ዓመት ነው። ገበያው አይጠብቅም፤ የዛሬው ውድ ቀለም ከአራት ዓመት በኋላ ተራ ነው። ዘሩ የተሸጠው ያችን ጊዜ ለመቆጠብ ነው።

ሒሳቡን ላስታውሳችሁ። ዝምድና የሌላቸው ሁለት ወላጆች ልጆች፣ ወንድምና እኅት ሆነው ቢገናኙ፣ የሚወለደው ልጅ ከዘረመሉ 25 በመቶው ላይ ከአንድ አያት የወረደ አንድ ዓይነት ቅጂ ከሁለቱም ወገን ይደርሰዋል ተብሎ ይገመታል። የአባትና የልጅም እንደዚያው 25 ነው። እነዚያ ልጆች ደግሞ እርስ በርስ ቢገናኙ 37.5፤ ቀጣዮቹ ቢደግሙት 50። በሦስት ትውልድ የዘሩ ግማሽ ነጠላ ሆነ ማለት ነው። የአጎት ልጆች ሲጋቡ ቁጥሩ 6.25 ነው። እኛ ለዚያ እንኳ ፊታችንን የምናዞር፣ ልጅ ስንድር ሰባት ቤት ቆጥረን ያደግን ሕዝብ ነን፤ ሽማግሌ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነሳው የዘር ሐረግ ነው። መሳቢያው ፊት ስንቆም ግን አንድ ቤት አንቆጥርም። ይባስ ብሎ ከአንድ እናት በአንድ ቀን የተፈለፈሉትን ወንድና ሴት «ለርቢ የተዘጋጀ ጥንድ» ብለን ለጀማሪ እንሸጣለን። ይህን በየኤክስፖው አይቻለሁ፤ እናንተም አይታችኋል፤ አንዳንዶቻችሁ ጠረጴዛው የእናንተ ነበር።

«ታዲያ ምን ሆኑ? ይበላሉ፣ ያድጋሉ፣ ቆዳ ይጥላሉ» የሚለኝ አለ። እንነጋገርበት፤ ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የዘር መቀራረብ ሁልጊዜ በዓይን አይታይም። የተጣመመ አከርካሪ፣ አንድ ዓይና ጫጩት፣ ፍሬ ያልያዘ እንቁላል ሲመጣ ሁሉም ያየዋል። የማይታየው የበሽታ መከላከያው ነው። በእባብም በሰውም ሰውነት ውስጥ ሐኪሞች ኤምኤችሲ የሚሉት የዘረመል ክፍል አለ። ሥራው ወደ ሰውነት የገባውን ተህዋሲ ቁራጭ አንስቶ ለተከላካይ ሕዋሶች ማሳየት ነው፤ ባዕድ መሆኑን ለይተው እንዲነሡበት። አንዱ ዓይነት ቅጂ ይህን ቫይረስ አጥርቶ ያሳያል፣ ሌላው ያንን። ከእናት አንድ ዓይነት፣ ከአባት ሌላ ዓይነት የወረሰ እባብ ሰፋ ያለ ጠላት ይለያል። ወላጆቹ ወንድምና እኅት ከሆኑ ግን ያው አንዱ ሁለት ጊዜ ሊደርሰው ይችላል። እንዲህ ያለው እባብ ንጹሕ መሳቢያ ውስጥ፣ ልኩን በጠበቀ ሙቀት፣ ከሌላ እባብ ርቆ እስከኖረ ድረስ ጤነኛ ነው፤ ይበላል፣ ያድጋል፣ ቆዳ ይጥላል። ፈተናው የሚመጣው አዲስ ተህዋሲ በበሩ የገባ ዕለት ነው።

ያን ዕለት ደግሞ አንድ እባብ ብቻ አይታመምም። ምድር ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ የአንድ አባት ልጆችና የልጅ ልጆች ከሆኑ፣ አንዱን ያሸነፈ ቫይረስ ሌላውንም ለማሸነፍ አዲስ ዘዴ አያስፈልገውም። በዱር ውስጥ ወረርሽኝ ሲገባ ከመቶው ጥቂቶቹ የተለየ ዘረመል ይዘው ይተርፋሉ፤ ዘሩ በእነሱ ይቀጥላል። እኛ ዘንድ የተለየ የሚባለው ቀለሙ ነው፤ ከቆዳው ሥር ያለው ግን አንድ ነው።

ይህን በግምት የምናገር እንዳይመስላችሁ። በደቡብ ስዊድን ጠረፍ ላይ ስሚየሁክ በሚባል ስፍራ፣ በእርሻ መሬት ተከብቦ ከዘመዶቹ የተቆረጠ የእፉኝት መንጋ ነበር። ቶማስ ማድሰንና ባልደረቦቹ ለዓመታት ሲከታተሉት ሴቶቹ ሞተው የተወለዱና አካላቸው የጎደለ ልጆች በብዛት ሲወልዱ አዩ፤ የወንዶቹም ቁጥር እያሽቆለቆለ ሄደ። የኤምኤችሲው ዓይነት ሲመረመር እጅግ ጠባብ ሆኖ ተገኘ። በ1992 ከሌላ ሰፊ መንጋ 20 ወንዶች አምጥተው ለቀቁባቸው። ከአራት የርቢ ወቅት በኋላ በሕይወት የተረፉትን 8 እንግዶች መልሰው ወሰዷቸው፤ ዘራቸው ግን ቀርቷል። እፉኝት ለመጎልመስ ዓመታት ይፈጅበታልና ውጤቱ ወዲያው አልታየም። በኋላ ግን አዲሶቹ ወንዶች ጎርፈው ወጡ፤ በ1999 ኔቸር መጽሔት ላይ ሲዘግቡት ቁጥራቸው ጥናቱ ከተጀመረ ጀምሮ ከታየው ሁሉ በልጦ ነበር። የመከላከያው ዘረመልም ዓይነቱ በዝቶ ተገኘ። የገባው አዲስ ደም ብቻ ነው። እንግዲህ «እባብ አይጎዳውም» የሚለው አባባል እባብ ላይ ተፈትኖ ወድቋል።

ከእናንተ መካከል ብልሆቹ የፍሎሪዳን በርማ ዘንዶ ሊያነሱብኝ እንደሚችሉ አውቃለሁ። ከቤት አምልጦና ተለቆ ኤቨርግሌድስ ረግረግ የገባው ዘንዶ መነሻው ጠባብ ነው፤ ዘረመሉም ይህንኑ ያሳያል፤ ይኸው አገር ምድሩን ሞላው ትላላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ሞላው። ነገር ግን እዚያ ማንም ወንድምን ከእኅት በእጁ እያጋባ አልቀጠለም፤ ደካማውን ጫጩት ደግሞ አዞውና ወፉ በልተውታል። ያየነው የተረፈውን ነው።

እኛ ምን እናደርጋለን? እንቁላሉ ሊፈለፈል ሲቃረብ በምላጭ እንቀደዋለን፤ በራሱ ጥርስ ቀዶ መውጣት ያቃተውም አብሮ ይወጣል። አልበላም ያለውን ጫጩት አፉን ከፍተን የአይጥ ግልገል እናጎርሰዋለን፤ ሦስት ወር፣ አምስት ወር። ከዚያ «መብላት ጀምሯል» ብለን እንሸጠዋለን። ርኅራኄው ክፉ አይደለም፤ ደካማ ፍጡር ፊት እጅ አጣጥፎ መቆም ይከብዳል። ያተረፉትን ለርቢ ማዋል ግን ሌላ ነገር ነው። አጉርሳችሁ ያሳደጋችሁትን እባብ ለልጅ ስጡት፣ በቤታችሁ አቆዩት፤ ብቻ አታራቡት። የዘር መቀራረብ ጎጂውን ዘረመል ወደ ላይ ያወጣል፤ ተፈጥሮ የወጣውን ታጠራዋለች። እኛ ግን አወጣነውና መልሰን ዘራነው።

የሞቱትስ? የተጣመመው፣ ዓይን የሌለው፣ በሁለተኛው ሳምንት ያለ ምክንያት የሞተው የት ይጻፋል? በላስቲክ ተጠቅልሎ ፍሪዘር ይገባል፣ ከዚያ ቆሻሻ መጣያ። በማስታወቂያችን ላይ «ከስምንት እንቁላል ስድስት ጤነኛ» እንላለን፤ ሁለቱ ምን እንደነበሩ ማንም አይጠይቅም፣ ማንም አይናገርም። እያንዳንዳችን ለየብቻችን «የእኔ ብቻ ዕድል ነው» እያልን እንቀብራለን። ሁላችንም የቀበርነውን አንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ ብንደምረው ክርክሩ ያን ዕለት ያልቅ ነበር።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ልናገር፤ ምክንያቱም ማስጠንቀቂያ በዝቶ እውነት ሲጎድልበትም አይረባም። የታመመ እባብ ሁሉ የዘመድ ልጅ ስለሆነ አይደለም የታመመው።

ስፓይደር የሚባለውን ቦል ፓይተን ከዚህ ጋር አታምታቱ። በ1999 ከወጣ ጀምሮ ጭንቅላቱ ይንቀጠቀጣል፣ አንገቱ ይጠማዘዛል፣ ሲነክስ ይስታል። ይህ ከዘር መቀራረብ አልመጣም። አንድ ቅጂ ብቻ ቀለሙንም ሕመሙንም ያመጣል። በ2022 የወጣ ጥናት የውስጥ ጆሮውን በሲቲ ስካን ሲያይ የሚዛን አካሉ ተበላሽቶ የተፈጠረ ሆኖ አግኝቶታል። ከምዕራብ አፍሪካ ትኩስ ደም ብታመጡለትም ቀለሙን የወረሰው ልጅ ሕመሙንም ይወርሳል። የጃጓር ካርፔት ፓይተንም ጉዳይ ከዚህ የራቀ አይደለም። በእንግሊዝ ዓለም አቀፉ የሄርፔቶሎጂ ማኅበር ስፓይደርን ከትርዒቶቹ ጠረጴዛ አግዷል፤ እኔ ተገቢ ነው እላለሁ፣ የሚቆጣ ይቆጣ። በኮርን ስኔክ ያለው ስታርጌዘር ግን ድብቅ ነው፤ ሁለት ተሸካሚዎች ካልተገናኙ አይታይም፣ ሲገናኙ ጫጩቱ ሚዛኑን ስቶ አንገቱን ወደ ሰማይ ይቀለብሳል። እሱን በየቤቱ ያወጣው ዘመድን ከዘመድ ማራባታችን ነው። ለስታርጌዘር መድኃኒቱ አዲስ ደም ነው፤ ለስፓይደር መድኃኒቱ ማራባቱን ማቆም ብቻ ነው።

ቫይረሱም አለ። በቦኣና በዘንዶ ላይ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚታወቀው አይቢዲ የሚባለው በሽታ መንሥኤው ሳይታወቅ ዐሥርተ ዓመታት አልፈው፣ በ2012 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳን ፍራንሲስኮ ተመራማሪዎች አሬናቫይረስ አገኙበት። ይህ በሽታ ተንኮለኛ ነው። ቦኣው ለዓመታት ጤነኛ መስሎ ይሸከመዋል፤ መከላከያው ሲላላ በአፍ ቁስል፣ በሳንባ ምች ይወድቃል። ከእናት ወደ ልጅም ይተላለፋል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ አንዲት እናት በሽታውን ይዛ ልጆቿ ሁሉ እየተዳከሙ ቢሞቱ፣ ለሚያይ ሰው የዘር ድካም ይመስላል። ወይም በተገላቢጦሽ፣ ዘሩ የደከመበት ሰው «ቫይረስ ነው» እያለ ራሱን ያታልላል። በ2014 በቦል ፓይተን ላይ የተገኘው ኒዶቫይረስም እንደዚሁ ነው፤ አፉን ከፍቶ የሚተነፍሰው፣ ንፍጥ የሚያዝረከርከው ዘንዶ ይታያል፣ ምንም ሳይታይበት የሚያስተላልፈው ግን ጠረጴዛችሁ ላይ ተቀምጦ ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ ደም ከመውቀሳችሁ በፊት አስመርምሩ፤ ደሙን፣ የአፉን ስዋብ። ቴርሞሜትሩንም እዩ። እባብ የራሱን ሙቀት አያመነጭም፤ መሳቢያው ከቀዘቀዘ መከላከያውም አብሮ ይቀዘቅዛል፣ የቱንም ያህል የተከበረ ዘር ቢሆን። አዲስ የገባውን በሌላ ክፍል ሦስት ወር ሳታቆዩ ከሌሎቹ አትቀላቅሉ፤ ኒዶን የምትፈሩ ከዚያም አስረዝሙ።

ምርመራው ተደርጎ፣ ሙቀቱ ተስተካክሎ፣ አሁንም ዘሩ ሲደክም ያያችሁ ግን ወዴት እንደምትሄዱ ልንገራችሁ። ወደ ርካሹ መሳቢያ ሂዱ።

ገበያችን ቡናማውን ተራ ቦል ፓይተን የተናቀ አድርጎታል። በጥቂት ዐሥር ዶላር ይሸጣል፤ አንዳንዴ ለሌላ እባብ መግዣ ምርቃት ይሆናል። ከ1975 ወዲህ ከምዕራብ አፍሪካ፣ በተለይም ከቶጎ፣ ከቤኒንና ከጋና፣ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ቦል ፓይተን በሕይወት ወደ ውጭ ተልኳል። ልዩ ልዩ ደም ያለው በዚያ ብዛት ውስጥ ነው፤ አንዱን አልቢኖ ከሌላው አልቢኖ ጋር በማዞር ውስጥ አይደለም። እኛ ግን ሀብቱን ጥለን ልብሱን አነሣን። ከዱር ጨምራችሁ አስመጡ ማለቴ አይደለም፤ ከዱር የሚመጣው መዥገርና የሆድ ትል ይዞ ነው የሚመጣው፣ የዚያንም አገር ዱር ማራቆት ነው። እዚሁ በሰው እጅ የተራባውን፣ ከሌላ ክፍለ ሀገር፣ ከማታውቁት ቤት የመጣውን ፈልጉ። ሻጩ አያቶቹን መጥራት ካልቻለ ተጠራጠሩ፤ ዛሬ «ተራ» ተብሎ የሚሸጠው ብዙው ቀለሙ ያልወጣለት የሞርፍ (በቀለሙ የተለየ እባብ) ወንድም ነው፣ ያንኑ ደም መልሳችሁ ልትገዙት ትችላላችሁ።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባውን የስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ አስባለሁ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1948 ሲያቋቁሙት መነሻ የሆኑት ሰባት አንበሶች ናቸው ይባላል፤ አምስት ወንድ፣ ሁለት ሴት። በ2012 የወጣ የዘረመል ጥናት እነዚህ ጋማቸው የጠቆረ አንበሶች ከተመረመሩት ሌሎች አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳየ። እነሱን የሚጠብቅ ሰው ጭንቀቱ ይገባኛል፤ ከውጭ ደም ቢያስገባ ልዩነታቸው ይጠፋል፣ ባያስገባ ከሁለት እናቶች የወጣው ዘር በራሱ ላይ ይዞራል። ከደቡብና ከምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ ደኖች ወጥቶ በአሜሪካና በአውሮፓ የመርዛማ እባብ አርቢዎች እጅ የገባው የአገራችን እፉኝትም ከዚህ ጭንቀት ሩቅ አይደለም፤ ከአገር የወጣው ጥቂት ነው። እነዚያን የያዛችሁ ብትቸገሩ አዝንላችኋለሁ። ቦል ፓይተን ይዞ ግን አዲስ ደም አጣሁ የሚል ሰው አላዝንለትም። ከእሱ ምድር ቤት የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ በርካሽ ይሸጣል።

የአንድ ደሴት ወይም የአንድ ወንዝ ዘር ሳይቀላቀል እናቆያለን የምትሉ አላችሁ፤ ከሆንዱራሱ ካዮስ ኮቺኖስ የመጣውን የሆግ አይላንድ ቦኣ የያዛችሁ ለምሳሌ። ዓላማችሁን አከብራለሁ። እናንተ ከማንም በላይ መዝገብ ያስፈልጋችኋል። እርስ በርስ ተለዋወጡ፤ የአንዱን መስመር ወንድ ለሌላው መስመር ሴት ስጡ። በመኮራረፍ የየራሳችሁን ጥንድ ይዛችሁ ከተቀመጣችሁ ንጹሑ ዘር በንጹሕነቱ ይሞታል። ከናንተ ሁለቱ ለምን እንደማይነጋገሩ አውቃለሁ፤ ለእባቡ ሲባል ይነጋገሩ።

የሴንት ሉዊስ መካነ አራዊት አንዲት ቦል ፓይተን ዕድሜዋ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖ ሲገመት፣ ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ ወንድ ሳታይ፣ በ2020 እንቁላል ጣለች። ዘሩ ይህን ያህል የመኖር አቅም አለው። እኛ ደግሞ ለአንድ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ እባብ ስንሸጥ «ሠላሳ ዓመት አብሮህ ይኖራል» እንላለን። ያ ልጅ በሁለተኛው ዓመት የሞተ እባብ በጫማ ሣጥን ይዞ ሐኪም ቤት ሲቆም እኛ አጠገቡ የለንም። ሐኪሙ ጥፋቱ የልጁ እንዳልሆነ ለመናገር የእባቡን አያቶች ማወቅ አለበት፤ እነሱን የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው፤ ሻጩ ደግሞ አልጻፈም።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ከምትሸጡት እባብ ጋር እናቱንና አባቱን፣ ከተቻለ አያቶቹን የጻፋችሁበት ወረቀት ይሂድ። ወንድምና እኅትን በአንድ ደረሰኝ አትሽጡ፤ ገዢው ቢለምን እንኳ። አንድ ጊዜ በዝምድና ያራባችሁትን መስመር በሚቀጥለው ትውልድ የግድ ወደ ውጭ አውጡት። የሞተውን ጻፉ፤ ቀኑን፣ ምን እንደጎደለው፣ የማን ልጅ እንደሆነ። ዛሬ እባብ ከጣለው ቆዳ ዘረመል የሚመረምሩ ላቦራቶሪዎች አሉ፤ ምን ቀለም እንደሚሸከም ለማወቅ ገንዘብ የምታወጡ ሰዎች ዝምድናውን ለማወቅ ደብተር መግዛት አያቅታችሁም።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ይህንን ለወጣት አልናገረውም፣ ለእናንተ ግን እናገራለሁ። አርጅተናል። የትኛው መስመር ከየትኛው ዕቃ ጭነት እንደመጣ፣ የትኛው «ዝምድና የለውም» የተባለ ወንድ በእውነቱ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የትኛው ስመ ጥር ቤት ከየትኛው እናት እንደጀመረ የሚያውቀው የእኛ ትውልድ ነው፤ የሚያውቀውም በቃሉ ነው። ከመካከላችን አንዱ ሲሞት ምን እንደሚሆን አይታችኋል። ለቅሶው ሳያልቅ ቤተሰቡ ምድር ቤቱን ማጽዳት ይፈልጋል፤ ሚስቲቱ ድሮም አትወደውም። አንድ ነጋዴ ይመጣና መሳቢያውን በጅምላ ገዝቶ ይጭናል፣ መለያ ወረቀቱ መንገድ ላይ ይወድቃል፣ በሚቀጥለው ወር ኤክስፖ ላይ የአንድ አባት ልጆች በአምስት ጠረጴዛ ላይ «ዝምድና የለውም» ተብለው ይሸጣሉ። ገዢው ጥንቁቅ ሆኖ ከሁለት ሻጭ ሁለት ይገዛል፤ የገዛው እኅትና ወንድም ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ጻፉት። ኮምፒዩተር የማይሆንላችሁ በእስክሪብቶ ጻፉት፤ መሳቢያውን በቁጥር፣ እባቡን በወላጆቹ። ደብተሩ ለማን እንደሚሰጥ ለልጆቻችሁ በስም ንገሩ፤ ገንዘብ ለሚከፍለው ሳይሆን ለሚያነብበው። የእኔን አሠራር ማየት የሚፈልግ ቢኖር ይምጣ፣ ቡና አፍልተን እናየዋለን፤ የሞቱትም አሉበት።